አንዴ ከተነሳ

ጀነሬተሩ ሁለት ጊዜ ስሎ ፀጥ አለ።

ቴክኒሺያኗ ለሦስተኛ ጊዜ ልታስነሳው ቁልፉን ያዘችና ተወችው። ማሽኑ ለብቻው ሲሆን ደህና ይሠራል፤ አምፖል ያበራል፣ ሙዚቃ ያጫውታል። የትልቁን መንኮራኩር ሞተር ስታገናኝበት ግን ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ይንተፋተፍና ይሞታል። እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ከማሽን ክፍሉ ወጣች። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ አናት ይበሳል። ሃያ ካቢኖች የተንጠለጠሉበት የመዝናኛ ሥፍራው መንኮራኩር ከዛፎቹ በላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መብራት ከጠፋ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል።

"ምን አለሽ?" አለ ትኬት ቆራጩ፣ ሰልፉን ትቶ እየሮጠ ደርሶ።

"አልችልም አለኝ።"

"ናፍጣ አለው?"

"ጥግብ ብሏል፣ ጋሼ። የጎደለው ናፍጣ አይደለም፣ ጉልበት ነው።"

በመዝናኛ ሥፍራው ያሉ ሠራተኞች ሁሉ "ብሎን" ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። እስከ ጫፍ ድረስ እየወጣች የመንኮራኩሩን ብሎኖች አንድ በአንድ ስታጠብቅ አራት ቀን ፈጀባት። በአምስተኛው ቀን ትኬት ቆራጩ "አጭር፣ ጠንካራ፣ አንዴ ከገባች የማትላቀቅ" ብሎ ሰየማት። አልተቆጣችም። ከዚያ በፊት በሠራችበት ጋራዥ የወጣላት ስም ከዚህ የባሰ ነበር።

የዛሬው ጣጣ የተጀመረው ጠዋት ነው። ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ መንኮራኩሩን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነግሮ ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን አጥብቆ በማለዳ ነበር የደረሰው። ብሎን ሁልጊዜ ሰው ስታስጭን አንዱን ካቢን ከሞላች በኋላ መንኮራኩሩን ግማሽ ዙር አዙራ ፊት ለፊቱ ያለውን ትሞላለች። ክብደቱ በሁለቱም ጎን እኩል ሲሆን ሞተሩ አይጨነቅም፤ ሰውም አይንገጫገጭም። ሥራ አስኪያጁ ግን ይህ አሠራር ሰልፉን ስለሚያረዝም አይወደውም።

"ዛሬ በተራ ሙሉ" አላት። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ። ሰውዬው ሥራችን ቀልጣፋ መሆኑን ይዩ።"

"አንደኛው ጎን ሞልቶ ሌላኛው ባዶ ይሆናል። ሞተሩ ይጨነቃል።"

"ሞተሩ የተገዛው ሊጨነቅ ነው። አንቺ ብሎንሽን አጥብቂ።"

ትኬት ቆራጩ በጆሮዋ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አላት፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከሰዓት በኋላ ተቆጣጣሪው ደረሱ። ጸጉራቸው የነጣ፣ ቀጠን ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ አዛውንት ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዞ ከእሳቸው ጋር አንደኛው ካቢን ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰዉ በተራ ተሳፈረ። አሥረኛው ካቢን መሳፈሪያው ላይ ቆሞ በሩ ሊዘጋ ሲል መብራቱ ድርግም አለ።

እንግዲህ መንኮራኩሩ አንዱ ሳህኑ ብቻ እንደተጫነ ሚዛን ሆኖ ቀረ። ከመሳፈሪያው ጀምሮ በስተቀኝ በኩል እስከ አናቱ ድረስ ዘጠኝ ካቢኖች ሰው ይዘው ተሰቅለዋል፤ የግራው ጎን ባዶ ነው። አሥረኞቹ መሬት ላይ ስለነበሩ ወዲያው ወርደዋል። ላይ የቀሩት ሃያ ሁለት ሰዎች ናቸው። የያዛቸው ፍሬኑ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ማንም ሳያዘው ራሱ ይነክሳል።

የትኬት ቆራጩ ስልክ ጮኸ። የብሎን እጅ ቅባት ስለነበረበት እሱ በጆሮዋ ላይ ያዘላት።

"ምንድነው የምትሠሪው?" አለ ሥራ አስኪያጁ ከላይ። "ጀነሬተሩን አስነሺው እንጂ።"

"ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ሞተሩን ማስነሳት አይችልም።"

"አምና ሲገዛ መንኮራኩሩን ያዞራል ተብሎ እኮ ነው የተገዛው።"

"እየዞረ ያለውን ማዞር ይችላል። የቆመውን ለማስነሳት ግን የዚህን ሦስት አራት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል። ያኔም ነግሬዎታለሁ፤ በጽሑፍ።"

በስልኩ ውስጥ አንድ ሌላ ሰው በቀስታ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማት። ሥራ አስኪያጁ ከተቆጣጣሪው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ መቀመጡ ያኔ ትዝ አላት።

"እሺ፣ እሳት አደጋ ይጠራ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተደውሏል። ረጅሙ መሰላል ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ስለሆነ ቢፈጥን አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል ብለዋል።"

"እንግዲያው እንጠብቃለን። ምንም ነገር እንዳትነኪ።"

ስልኩን እንደዘጋ የእሷው ስልክ ኪሷ ውስጥ ይጮህ ጀመር። ጠራ፣ ቆመ፣ እንደገና ጠራ። በዓለም ላይ እንዲህ ደጋግሞ የሚደውልላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሥራ ላይ ያልሆንሽበት ቀን አለ እንዴ? ስትመጪ ሻማ ግዢ ልልሽ ነው።"

ብሎን ልትዘጋው ጣቷን ከሰነዘረች በኋላ ተወችው። "እናንተም ጋ መብራት የለም?"

"ከየት መጥቶ? ማዞሪያው ጋ ያለው ትራንስፎርመር ነዷል። የጎረቤታችን ልጅ በዓይኑ አይቶት መጣ። ሠራተኞቹ ዛሬ አትጠብቁ፣ ነገ ነው ብለዋል አሉ። ደግሞ ሻማውን ወፍራሙን።"

"እሺ እማዬ። ተባረኪ።"

"ምነው ዛሬ ምርቃቱ?"

ስልኩን ዘጋች። መዝናኛ ሥፍራውም መብራት የሚያገኘው ከዚያው ትራንስፎርመር ነው፤ ዛሬ አይመጣም። መሰላሉ ሩቅ ነው። በዚህ መሃል ከላይ የሕፃን ድምፅ መጣ። ከሁለተኛው ካቢን፣ ከእነሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ ከተሰቀለው፣ አንዲት የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ታውለበልባለች።

"አያቴ ላብ በላብ ሆነች። አትመልስልኝም።"

ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። ካቢኖቹ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ጎናቸው ፕላስቲክ ነው። እየዞሩ ሲሆን ነፋሱ ያቀዘቅዛቸዋል፤ ሲቆሙ ግን ምጣድ ላይ እንደመቀመጥ ነው።

ብሎን ዓይኗን ከሁለተኛው ካቢን ላይ ሳትነቅል አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰች። ማድረግ የሚቻለውን ታውቀዋለች። ያወቀችው ደግሞ ከመጽሐፍ አይደለም። አባቷ ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ የማይሠራ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው። ማታ ማታ ቁልቁለት ላይ አቁሞት ይገባል። ጠዋት አባቷ ፍሬኑን ሲለቅቅ መኪናው በራሱ ክብደት ይንሸራተትና ይነሳል። ሜዳ ላይ የቆመ ዕለት ግን ቤተሰቡ በሙሉ ወጥቶ ይገፋዋል። ከመንቀሳቀሱ በፊት ስድስት ሰው ትከሻው እስኪላጥ የታገለውን መኪና፣ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ እሷና ታናሽ እህቷ ብቻቸውን ያስኬዱት ነበር። አባቷ በመስኮት ብቅ ብሎ "እንዳይቆምባችሁ" ይላቸው ነበር፤ "የቆመ ነገር ውድ ነው።"

"ጋሼ፣ ድምፅ ማጉያው ባትሪ አለው?"

"አለው። ምን አሰብሽ?"

"ወደ ኋላ ላወርዳቸው ነው። በራሳቸው ክብደት። ቀኙ ጎን ከባድ ነው፤ ፍሬኑን በእጅ ትንሽ ብለቅቀው ወደ ታች ይመለሳል። ዘጠነኛው መሳፈሪያው ላይ ይደርሳል፣ ይወርዳሉ። ከዚያ ስምንተኛው፣ ሰባተኛው። እንደዚያ እያልን እስከ አንደኛው።"

ትኬት ቆራጩ መንኮራኩሩን አየ። "ቢያመልጥሽስ?"

"ብዙ ከለቀቅሁት ያመልጣል። ለዚህ ነው ብዙ የማልለቅቀው።"

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ትኬት ቆራጩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፍሬኑ ማንሻ አጠገብ ባለው ሣጥን ላይ አስቀመጠው። ሥራ አስኪያጁ ማንሻው ጋ ስትሄድ ከላይ አይቷት ነበር።

"አትንኪ አላልኩሽም? አንድ ነገር ቢፈጠር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሰማሽኝ?"

"ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ካቢን ውስጥ የታመሙ እናት አሉ። መብራቱ ደግሞ ዛሬ አይመጣም።"

"ማን ነገረሽ?"

"እናቴ።"

ከላይ የሆነ መንሾካሾክ ተሰማ፤ ስልኩ እጅ ቀየረ።

"ልጄ፣ ተቆጣጣሪው ነኝ" አሉ አዛውንቱ። ድምፃቸው ቤታቸው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነበር። "በክብደት ልታወርጂን ነው?"

"አዎ፣ አባባ። በጥቂት በጥቂቱ።"

"በፍትጊያ የፍሬን ሸራው ይግላል። ስንት ጊዜ ይችልልሻል?"

"የአሸዋ ከረጢት ጭኜ ሞክሬዋለሁ። ሦስት ካቢን ካወረድኩ በኋላ ማሳረፍ አለብኝ። በሰው ግን ሞክሬ አላውቅም።"

"እውነቱን ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። ቀጥዪ። ስልኩን እኔ ይዤዋለሁ፤ ካላስፈለገ አልናገርም።"

ትኬት ቆራጩ በድምፅ ማጉያው ለሁሉም ነገራቸው። ወደ ኋላ እንደሚሄዱ፣ እንዳይደነግጡ፣ ማንም እንዳይነሳና እንዳይወዛወዝ። ከዚያ ብሎን እግሯን አንፈራጣ ቆማ ማንሻውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ቀስ ብላም ወደ ራሷ ሳበችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ብረቱ በረጅሙ አቃሰተና መንኮራኩሩ ተነቃነቀ። የዘጠኝ ካቢን ክብደት ተጠራቅሞ ሲጠብቃት የነበረ ይመስል ጎትቶ ሊሮጥባት ፈለገ። ማንሻው እጇ ላይ ተርገፈገፈ። መልሳ ጫነችው፤ የፍሬኑ ሸራ ጢስ አለና መንኮራኩሩ ቆመ። ዘጠነኛው ካቢን ከመሳፈሪያው አንድ ክንድ ያህል አልፎ ነበር። ሁለት ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወረዱ።

"አለፍሽ" አለ ትኬት ቆራጩ።

"አወቅሁት። በሚቀጥለው ቀድሜ እይዘዋለሁ።"

ስምንተኛው ላይ ቀድማ ያዘችውና መሳፈሪያው ፊት ለፊት በትክክል ቆመ። ሰባተኛው ላይ ማንሻውን እንደ ሕፃን ጡጦ ዘና ብላ ነበር የያዘችው። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ግን አፍንጫዋን መታው። ማንሻውን ለቀቀችና ጓንቷን አወለቀች።

"አራት ደቂቃ" አለች።

"ልጅቷ እኮ እያለቀሰች ነው፣ ብሎን።"

"እሰማታለሁ። ሸራው ሳይቀዘቅዝ ብቀጥል ሁላቸውም ያለቅሳሉ። ውሃ አምጣልኝ፤ ለሸራው አይደለም፣ ለኔ።"

አራቱ ደቂቃ ረጅም ነበር። ከሰልፉ አንድ ጎልማሳ ወጥቶ ሰው እየሞተ ይታረፋል ወይ ብሎ ተናገራት። ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነበር። በስልኩ የሚሰማው ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ሲፈታ የሚያሰማው መተንፈስ ብቻ ነው። ደቂቃው ሲሞላ ጓንቷን አጠለቀች። ስድስተኛው፣ አምስተኛው፣ አራተኛው አንድ በአንድ ወረዱ። በየዙሩ ግን መንኮራኩሩ እየሰነፈ እንደሄደ እጇ ነገራት። መጀመሪያ ላይ ሊያመልጣት የነበረው አሁን ማንሻውን ከግማሽ በላይ ካልሳበችለት አልንቀሳቀስ ይላል። ሰው በወረደ ቁጥር የሚጎትተው ክብደት እየቀነሰ ነው።

አራተኛው ከወረደ በኋላ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ሳበችው። ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። መንኮራኩሩ አልተነቃነቀም።

ትኬት ቆራጩ ተንጠራርቶ የመንኮራኩሩን ብረት ገፋው፤ እንደ ግድግዳ ነው። ላይ የቀሩት ሦስት ካቢኖች ናቸው። ሦስተኛው ከመሳፈሪያው ወገብ በማይደርስ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፣ ሁለቱም ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር የሞሉ። ከእነሱ በላይ፣ ሰው ቆሞ ከሚደርስበት ከፍ ብሎ፣ የአሮጊቷና የልጅቷ ካቢን አለ። ከዚያ በላይ ሁለተኛ ፎቅ በሚያህል ከፍታ ላይ እነሥራ አስኪያጁ።

"ቆመ" አለ ሥራ አስኪያጁ በስልኩ። "ለምን ቆመ? ይኸው፣ አልኩሽ እኮ።"

"ሦስት ካቢን መንኮራኩሩ የሚዞርበትን ትልቅ የመሃል ኩሽኔታ ከተኛበት ለማስነሳት አይበቃውም" አለች ብሎን። "አንዴ ከተነሳ ግን ይበቃዋል።"

ከሦስተኛው ካቢን ትልቁ ወንድም በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ። መሬቱ ቅርብ ነው፤ ዘሎ ሊወርድ ነው።

"ወንድሜ፣ እባክህ ግባና ቁጭ በል።"

"እዚህ እኮ ነው መሬቱ። እንወርዳለን በቃ።"

"አውቃለሁ፣ ትችላላችሁ። ግን ከላያችሁ ያሉትን እየጎተታችሁ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ከወረዳችሁ እሳቸው እዚያው ይቀራሉ።"

ሰውዬው ወደ ላይ አየ። እግሩን መለሰና በሩን ዘጋው። "ሰማህ?" አለው ታናሹን። "ክብደትህን ቀንስ ሲሉህ የነበሩትን ሐኪም ጥራቸውና ይዩ።"

ሰልፉ ላይ ሳቅ ተሰማ። ብሎን ሳቁን አልጠበቀችውም ነበር፤ ጠቀማት ግን። በሳቁ መሃል ከማሽን ክፍሉ ወፍራሙን ገመድ ጎትታ አወጣች። ጫፉ ላይ ያለውን መንጠቆ ከመሳፈሪያው በስተቀኝ በኩል የመንኮራኩሩ ዙሪያ ብረት ላይ አሠረች፤ ሌላውን ጫፍ በስተግራ መሬት ላይ ዘረጋችው።

"ጉልበት ያለው ይምጣ" አለች። "አሥር ሰው ይበቃኛል።"

ሃያ ያህል መጡ። ቅድም የተቆጣት ጎልማሳ ከፊት ሆነ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው የወረዱት ሁለቱ ሴቶችም ገመዱን ያዙ።

"ድር ቢያብር..." ብሎ ጀመረ ትኬት ቆራጩ።

"ጋሼ፣ ተረቱን ተውና ከፊት ያዝ። ስሙኝ፤ እንዳትመነጭቁት። ከመነጨቃችሁት ወይ ገመዱ ይበጠሳል ወይ እናንተ ትወድቃላችሁ። ወደ ኋላ ተደግፋችሁ ክብደታችሁን ቀስ እያላችሁ ጫኑበት። እስኪነሳ ድረስ አትልቀቁ። ሲነሳ ደግሞ ጉልበት አያስፈልግም፤ አብራችሁት መራመድ ብቻ ነው። እንዳይቆም። ወራጆቹ እየሄደ ይወርዳሉ።"

"እሳቸውስ?" አለ ትልቁ ወንድም ከካቢኑ፣ በጣቱ ወደ ላይ እያመለከተ።

"እናንተ ወርዳችሁ ትቀበሏቸዋላችሁ። እየተራመዳችሁ።"

ማንሻውን እስከ መጨረሻው ሳበችና በእግሯ ደግፋ ያዘችው። "አሁን።"

ገመዱ ተወጠረ። ሃያ ሰው ወደ ኋላ ተደገፈ። የተረከዝ ድምፅ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ የጎልማሳው አንገት ሥሩ ተገተረ። መንኮራኩሩ ዝም። ብሎን ዓይኗን ብረቱ ላይ ካለች አንዲት የዝገት ነጥብ ላይ ተከለች። ነጥቧ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ጮኸ።

"አትልቀቁ" አለች በዝግታ። "እንዲሁ፣ እንዲሁ። ይመጣል።"

"አይመጣም" አለ የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ከሣጥኑ ላይ።

"ዝም ይበሉ" አሉት ተቆጣጣሪው።

ነጥቧ የጥፍር ያህል ተንፏቀቀች። ቀጥሎ የጣት ያህል። ከዚያ ከመሃል፣ ከትልቁ ኩሽኔታ፣ አንድ ደረቅ ኳኳታ መጣና ተፈታ። ጎታቾቹ ሊወድቁ ተንገዳገዱ፤ ትኬት ቆራጩ "ተራመዱ፣ ተራመዱ" እያለ ሰበሰባቸው። መንኮራኩሩ እየሄደ ነበር። አሁን ገመዱ ረገበ፤ ለሃያ ሰው ያልተበገረው ብረት አምስት ሰው ሲራመድበት ይከተላል። ብሎን ፍሬኑን እንዳትነካ ራሷን ታገለች፤ እጇ ልማዱ ሆኖበት ሊጫን ይፈልግ ነበር።

ሦስተኛው ካቢን መሳፈሪያው ላይ ደረሰ። ወንድማማቾቹ አንድ በአንድ፣ ከወፍራም ሰው በማይጠበቅ ቅልጥፍና፣ እየተራመዱ ወረዱ። መንኮራኩሩ ክብደታቸው ሲለቅቀው ሰነፍ አለ።

"ገመዱን፣ ገመዱን" አለች። ጎታቾቹ ጥቂት ጫኑበትና ቀጠለ።

የሁለተኛው ካቢን በር ተከፈተ። አሮጊቷ ራሳቸውን የካቢኑ ጎን ላይ አስደግፈዋል፤ ልጅቷ እጃቸውን ይዛለች። ወንድማማቾቹ ከካቢኑ ጋር እኩል እየተራመዱ፣ አንዱ በብብታቸው አንዱ በጉልበታቸው ይዘው እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሙሽራ አወጧቸው። ልጅቷ ከኋላ ዘላ ትኬት ቆራጩ ላይ ተለጠፈች። አሮጊቷን ዛፍ ጥላ ሥር አስተኝተው ውሃ ሲያርከፈክፉባቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

"የት ነው ያለሁት?" አሉ።

"መሬት ላይ ነዎት፣ እማማ" አለ ትልቁ ወንድም።

"ገንዘቤን ከፍዬበት ነበር፤ አንድ ዙር እንኳ አልዞርኩም" አሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደዳኑ አወቀ። ከሰልፉ አንዲት ነርስ ወጥታ የልብ ምታቸውን ልትቆጥር ተንበረከከች።

የቀረው አንደኛው ካቢን ብቻ ነበር። ጎታቾቹ የዳኑትን ለማየት አንገታቸውን ስላዞሩ መንኮራኩሩ ሊቆም ደረሰ። ብሎን በምላሷ ጠጭ አድርጋ ጠራቻቸው፤ ተመልሰው ተደገፉበት። ካቢኑ ቀርቦ ሲመጣ ተቆጣጣሪው በሩን አስቀድመው ከፍተው፣ ወዴት እንደሚሄድ አይተው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ረገጡና ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ተቃራኒው ዞሮ ስለረገጠ በጉልበቱ ወደቀ። ትኬት ቆራጩ ከረባቱን አንስቶ ሰጠው።

ብሎን ማንሻውን ለቀቀች። ፍሬኑ ነከሰ። ጓንቷን ለማውለቅ ስትሞክር ጣቶቿ አልታዘዟትም፤ በጥርሷ ጎትታ አወለቀችው።

ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። አሮጊቷ ከነርሷና ከልጅቷ ጋር በታክሲ ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ሱሪውን እያራገፈ አጠገቧ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጎበዝ ነሽ። ተቆጣጣሪው ስለ ጀነሬተሩ ከጠየቁሽ ናፍጣው ቆሻሻ ነበረው ማለት ትችያለሽ። ለሁላችንም ይሻላል።"

"በስልኩ የነገርኩዎትን እሳቸውም ሰምተዋል እኮ፤ አብረዎት ነበሩ" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። "ደግሞ ናፍጣው ንፁህ ነው። ራሴ ነኝ የምሞላው።"

ተቆጣጣሪው የመሳፈሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ወረቀታቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይጽፉ ነበር። ሲጨርሱ ሁለቱንም ጠርተው አነበቡላቸው። ጀነሬተሩ መንኮራኩሩን ከቆመበት ማስነሳት በሚችል ይቀየር። ሰው ሲጫን ፊት ለፊት ያሉ ካቢኖች በእኩል ይሞሉ፤ ይህንንም የምትወስነው ቴክኒሺያኗ ብቻ ትሁን። በድንገተኛ ጊዜ የማውረድ አሠራሩ በዓይኔ ታይቶ አጥጋቢ ሆኖ ተገኝቷል። ፍሬኑ ደህና ነው። መብራት ሲመለስ መንኮራኩሩ ሥራውን መቀጠል ይችላል።

የሥራ አስኪያጁ ፊት በራ። አዲስ ጀነሬተር ቢያስገዛውም የፈራው መንኮራኩሩ እንዳይዘጋበት ነበር። "እግዜር ይስጥልን፣ አባታችን" አለ።

ተቆጣጣሪው ብዕሩን ወደ እሱ አልዘረጉም። ወደ ብሎን ዘረጉት። "ከታች ኃላፊ የሚለው ላይ ፈርሚ። ለዛሬ ኃላፊዋ አንቺ ነበርሽ።"

ብሎን ብዕሩን ተቀበለች። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንም ሰጥቷት አያውቅም፤ የእሷ ቃል በሥራ አስኪያጁ ላይ የሚጸናበት። አራተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አባባ፣ እዚህ ፍሬኑ ደህና ነው ይላል።"

"ይዞናል እኮ። ሃያ ሁለት ሰው።"

"ይዟል። ሲይዝ ግን ጢሷል። ሸራው ምን ያህል እንደተበላ አላየሁትም። ያላየሁትን አልፈርምም።"

"ነገ ታይዋለሽ" አለ ሥራ አስኪያጁ ፈጥኖ። "እሳቸው ሥራ አለባቸው፣ መኪና እየጠበቃቸው ነው። ፈርሚና ይሂዱ።"

"እንግዲያው ነገ እፈርማለሁ።"

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አጋድማ መለሰችላቸው። ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ በሩ ላይ የቆመውን መኪና አዩ። ከዚያ ብዕሩን ከድነው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ኮታቸውን አውልቀው ደረጃው ብረት ላይ ሰቀሉና የሸሚዛቸውን እጅጌ መጠቅለል ጀመሩ።

"ፍሬኑን የሚፈታው ስንት ቁጥር ቁልፍ ነው?" አሏት።

"አሥራ ዘጠኝ" አለች ብሎን፤ የመሣሪያ ሣጥኗንም አንስታ ወደ ማሽን ክፍሉ መራቻቸው።